የጢም ምላጭ ታሪክ፤ ከሼፊልድ እስከ ሰፈራችን



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ምላጭ እንጽፋለን ብንል የኮሚቴው ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁብን። «ምላጭ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ነው ያሉን። አልፈረድንባቸውም፤ እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚሁ ነበር የምናስበው። አሳባችንን ያስለወጠን በገዛ እጃችን የጻፍነው አንድ መስመር ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምር።

ጠጉር አስተካካይ የነበሩት አባላችን ባረፉ ጊዜ ልጆቻቸው የቀበሌውን ቤት ቶሎ ማስረከብ ስለ ነበረባቸው የዕቃውን ዝርዝር እንድንጽፍላቸው ለመኑን። እኛም ዕድሜያችንን በሙሉ መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ነንና ብዕራችንን አንሥተን አልጋ 1፣ ቁም ሣጥን 1፣ ወንበር 4 እያልን ዘረዘርን። መጨረሻ ላይ አንድ ዝግ ካርቶን ቀረ። ከፈት አድርገን አየነውና «ልዩ ልዩ አሮጌ ብረታ ብረት፣ 1 ካርቶን» ብለን ጽፈን ፈረምን። በማግስቱ ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰደው።

በጀርመን አገር የሚኖረው የበኩር ልጃቸው ፈቃድ አላገኝ ብሎ ቆይቶ ለዐርባው ደረሰ። ለቅሶው ረገብ ካለ በኋላ ወደኛ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ የአባዬ ምላጭ የት ደረሰ?» አለን። መልስ አልነበረንም። መዝገቡን አውጥተን ያቺን መስመር አሳየነው። አነበባትና ምንም አልተናገረም። ምነው ተቆጥቶ በነበር አልን በልባችን።

ለመሆኑ ያ ምላጭ ምን ነበር? የዛሬ ልጆች የሚያውቁት ቶንዶሱንና ባለ ሁለት ስለቷን ቀጭን ምላጭ ስለ ሆነ እንንገራቸው። የድሮው የጢም ምላጭ ርዝመቱ ከመሐል ጣት ብዙ የማይበልጥ፣ ጀርባው ወፈር ያለ፣ ስለቱ የሳሳ አረብ ብረት ሲሆን፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት በተሠራ እጀታ ውስጥ እንደ ሰንጢ ይታጠፋል። ጠጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ጎን ባንጠለጠለው ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ ጧ፣ ጧ እያደረገ ሲያስተካክለው የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሯችን አለ።

በዚያ ምላጭ ነበር አባላችን የሰፈሩን የኀዘን ጢም ያወረዱት። ኀዘንተኛ ጢሙን አሳድጎ ይከርምና ዐርባው ሲወጣ በዘመድ ግድ ተብሎ ይላጫል። ታዲያ ያን ጊዜ እሳቸው መጥተው በነፃ ይላጩ ነበር፤ ሳንቲም አይቀበሉም። እኛም አባታችን በሞቱ ጊዜ ከእጃቸው ሥር ተቀምጠናል። በኋላ በ1978 ዓ.ም. ኤድስ የያዛቸው ሕሙማን ባገራችን ታወቁና አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው መጠቀም አደገኛ መሆኑ ሲነገር፣ እሳቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ባለ እጀታውን ምላጭ ጠቅልለው በሣጥን አስቀመጡት፤ ለያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ሰብረው ተጠቅመው የሚጥሉ ሆኑ። ደግ አደረጉ። ያስቀመጡትን ግን አልጣሉትም ነበር። የጣልነው እኛ ነን።

ልጁ ከሄደ በኋላ ደብዳቤና በስልክ የሚላክ ሥዕል ይልክልን ጀመር። እሱ ለካ የአባቱን ነገር እያሰበ በጀርመን አገር የድሮ ምላጭ ሰብሳቢ ሆኗል። እኛም ጥያቄ በጥያቄ ላይ ስንደራርብ ከሱና ከመጻሕፍት ያገኘነውን ለአባሎች እነሆ ብለናል። ከዚህ በታች ያለው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን የኛ የሆነውን ዓ.ም. ብለንበታል።

ምላጭ ከጥንት ከመቃብር ጋር የተዛመደ ነው። በጥንቷ ግብፅ መቃብሮች ውስጥ የመዳብና የነሐስ ምላጮች ተገኝተዋል፤ ለሟቹ በወዲያኛው ዓለም ይጠቅመዋል ብለው አብረው ይቀብሩለት ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምንናገርለት ተጣጣፊው ምላጭ ስሙ የገነነው ግን በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ነው። ሼፊልድ ወንዞቿ የመሞረጃ ድንጋይ የሚያሽከረክሩ፣ ዙሪያዋን ድንጋይና ከሰል የሞላባት ስለ ነበረች ከጥንት ጀምሮ የስለት ከተማ ነበረች። በ1624 የስለት ሠሪዎቹ ማኅበር በፓርላማ ሕግ ጸናና ማንም ሠሪ የራሱን ምልክት አስመዝግቦ በብረቱ ላይ እንዲመታ ተደረገ። ምልክቱ እንደ ፊርማ ነው፤ ሥራው የከፋ እንደ ሆነ ምልክቱ ያጋልጠዋል።

በ1740ዎቹ ገደማ ቤንጃሚን ሃንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ፣ ለሰዓቱ ሞላ የሚሆን ጥሩ ብረት አጣና ራሱ ሊሠራ ተነሣ። ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ጨርሶ እስኪፈስ አቅልጦ ከውስጥ እስከ ውጭ አንድ ዓይነት የሆነ አረብ ብረት አወጣ። የሼፊልድ ሰዎች ግን በመጀመሪያ «ጠንካራ ነው፣ አይመታልንም» ብለው እንዳልተቀበሉት ይነገራል። እሱም ለፈረንሳዮች ሸጠው፤ የፈረንሳዮቹ ዕቃ ገበያውን ሲሻማባቸው ጊዜ ነው እነሱም የተሯሯጡት። የገዛ ሰውን ጥበብ ናቆ፣ ባዕድ ሲያከብረው መቆጨት እኛ አገር ብቻ ያለ አይምሰላችሁ!

በዚያን ዘመን ምላጭ ጎኑ ሲታይ እንደ ሽብልቅ ነበር፤ ከጀርባው ወፍሮ ወደ ስለቱ እየሳሳ ይሄዳል። አንድ ምላጭ በብዙ እጅ ያልፋል። ቀጥቃጩ በእሳት አግሎ ቅርጹን ያወጣል፤ ሌላው ያጠነክረዋል፤ ሞራጁ በድንጋይ ያሳሳዋል፤ ከዚያ የሚወለውለው አለ፤ በመጨረሻ እጀታ የሚያስገባለት አለ። ከነዚህ ሁሉ መከራው የበረታው በሞራጁ ላይ ነበር። በሚሽከረከረው ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲውል የድንጋዩና የብረቱ አቧራ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

አርኖልድ ናይት የተባለ የሼፊልድ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ የጻፈውን እናንሣ። ሹካ የሚሞርዱት በደረቅ ድንጋይ ስለሚሠሩ ከ28 እስከ 32 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሞታሉ፤ ምላጭ የሚሞርዱት በደረቅም በርጥብም ስለሚሠሩ ከ40 እስከ 45 ይደርሳሉ፤ ሁልጊዜ በርጥብ ድንጋይ የሚሠሩት የገበታ ቢላዋ ሞራጆች ከ40 እስከ 50 ይቆያሉ ብሏል። በደርግ ጊዜ በውይይት ክበብ ስሙን ስንሰማ የኖርነው ኤንግልስም በ1845 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህኑ ሐኪም ምስክርነት አንሥቶታል። የባሰው ደግሞ አቧራውን የሚቀንስ መሣሪያ ሲቀርብላቸው አንዳንዶቹ ሞራጆች ራሳቸው መቃወማቸው ነው። ዕድሜያችን ከረዘመ ሠራተኛው ይበዛና ደመወዛችን ይወድቃል ብለው ነው። እንግዲህ በሞታቸው እንጀራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የኛን ቤት የሚያንኳኳው። የእንግሊዝ ሠራተኞች በየሙያውና በየሰፈሩ እየተሰበሰቡ ሳንቲም ያዋጡ ነበር፤ የታመመ ሲኖር ከማኅበሩ ይረዳል፤ የሞተ እንደ ሆነ ቀብሩ ይፈጸማል፤ ሚስቱ ድርጎ ታገኛለች። ሼፊልድም የነዚህ ማኅበሮች ብዛት የታወቀባት ከተማ ነበረች። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1793 ለነዚህ ማኅበሮች ሕግ አወጣላቸው። ስሙ ይለይ እንጂ ይህ እድር ነው፤ ሌላ ምን ይባላል? ዛሬ ሰብሳቢዎች በመስታወት ሣጥን የሚያኖሯቸው የድሮ ምላጮች እነዚያ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። ብረቱ 200 ዓመት ሲኖር ሞራጁ 45 አልሞላም።

ከሼፊልድ ጋር የሚነሣ አንድ ሌላ ነገር አለ። በ1820 እና በ1822 የስለት ሠሪው ጄምስ ስቶዳርትና ማይክል ፋራዴይ አረብ ብረትን ከብርና ከሌሎች ማዕድኖች ጋር እየቀላቀሉ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ፋራዴይ በኋላ በኤሌክትሪክ ጥናት ዓለም ያወቀው ሊቅ ነው፤ ልጅ ሳለ ግን ትምህርቱ ከመጻፍና ከማንበብ ብዙም ያላለፈ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ነበር። ትንሽ ተምረን ለቀረን ሰዎች ደስ ይላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የሼፊልድ ሠሪዎች በምላጫቸው ላይ «የብር ብረት» የሚል ጽሕፈት ማተም ጀመሩ። ጽሕፈቱ ለገበያ ስለሚያምር ብቻ የታተመ ሊሆን ይችላልና ገዢ በዚህ ብቻ ተማርኮ ዋጋ መጨመር የለበትም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ገደማ ዘውዱ ወደ ጀርመኗ ሶሊንገን ዞረ። የሶሊንገን ሞራጆች የሽብልቁን ጎንና ጎን በትንንሽ ድንጋዮች እየጎደጎዱ ስለቱን እጅግ አሳሱት። በደንብ የተጎደጎደ ምላጭ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ ተደርጎ ሲጫኑት ስለቱ እጥፍ ይላል፤ ሲላጩበትም ይዘፍናል። ሽብልቁ ድምፅ የለውም። ጀርመኖቹ የከተማቸውን ስም እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ፤ ከ1938 ጀምሮ «ሶሊንገን» የሚለው ስም በሕግ ተከብሯል፤ እዚያ ያልተሠራ ስለት ስሙን ሊይዝ አይችልም። በከተማዋም የስለት ቤተ መዘክር አለ። የኛ ሟች ምላጭም በጀርባው ሥር ይህ ስም ነበረበት ብሎናል ልጁ፤ እኛ መነጽራችንን አድርገን አላየነውም።

ባለ እጀታውን ምላጭ ከወንበሩ ያወረደው አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ነው። ቀጭኗን የምትጣል ምላጭ በ1903 ገበያ ሲያወጣ የመጀመሪያው ዓመት ሽያጩ 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ እንደ ነበር ይነገራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫና 32 ሚሊዮን ምላጭ ገዛ። ወታደሩም አገሩ ሲመለስ የለመደውን ይዞ ገባ። ሰውም እውነት አለው፤ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ መሳል አያስፈልገውም። ባለ እጀታው ምላጭ ቀስ በቀስ በጠጉር አስተካካይ እጅ ብቻ ቀረ፤ ከዚያም ከዚያ ወጣ።

አሁን ግን ወጣቶች እንደገና ይፈልጉታል። ከፊሉ የድሮውን ይሰበስባል፤ ከፊሉ አዲስ ያሠራል። የሚሰበስቡት ዕድሜውን የሚያውቁት በምልክቱ ነው። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ መሠረት ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደች፣ «እንግሊዝ» ወይም «ጀርመን» የሚል የታተመበት ምላጭ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ከዘውድ ጋር የንጉሡ ስም መነሻ ፊደል የታተመበትም አለ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ከሆነ ከ1837 እስከ 1901 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሰባት ምላጭ ባንድ ሣጥን፣ በያንዳንዱ ጀርባ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ የቀኑ ስም ተጽፎበትም ይገኛል፤ ብረቱ በየተራ ይረፍ ብለው ነው።

ለመግዛት ለሚያስብ ልጁ የነገረንን እንንገር። የድሮ ምላጭ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ስለቱ ነው፤ ትንሽ ስንጥቅ ካለበት አይጠገንም። ሁለተኛ ጀርባው ነው፤ ሲሳል ብዙ ተበልቶ ጠፍጥፎ ከሆነ ዕድሜውን ጨርሷል። ሦስተኛ እጀታው ነው፤ ከሴሉሎይድ የተሠራ እጀታ ሲያረጅ ይበላሽና ከራሱ የሚያወጣው ጋዝ ብረቱን ያዝገዋል፤ እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ጋር ባንድ ሣጥን ማኖር ሁሉንም ማጥፋት ነው። የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለበትን ደግሞ ድንበር ማሻገር በብዙ አገር ሕግ ያስጠይቃል። ምላጭ በእጅ ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን መግባትም ክልክል ነው። የተገዛው ምላጭ ደግሞ ያንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ወንድም ለወንድሙም ቢሆን አያውሰው።

በትእዛዝ የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ዋጋው ብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዱም ከሺህ በላይ ነው። ይህን ስንሰማ «ላንድ ምላጭ!» ብለን ጮኸናል። ልጁ ሳይሰለች አስረዳን። ሠሪው ጥቂት ገንዘብ ቀብድ ተቀብሎ ስምህን በተራ መዝገብ ያስገባል፤ ወራት ትጠብቃለህ። ጢምህ ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ? በቀኝ ትላጫለህ ወይስ በግራ? የምላጩ ጫፍ ክብ ይሁን ወይስ ሹል? ብሎ ይጠይቅሃል። ስፋቱ በኢንች ስምንተኛ ይለካል፤ የተለመደው አምስት ስምንተኛ፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሠሪው ብረቱን በእሳት አቅልቶ ያጠልቀዋል፤ ከዚያ እንደ መስታወት እንዳይሰበር መልሶ በልከኛ ሙቀት ወደ ገለባ ቀለም እስኪያደላ ያለዝበዋል። በመጨረሻ ይሞርደዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የጀርባው ውፍረት ነው። ምላጭ ሲሳል ስለቱም ጀርባውም ባንድነት ድንጋዩ ላይ ስለሚተኙ፣ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው ጀርባው ነው። ውፍረቱ ከስፋቱ ከሩብ በለጥ፣ ከሲሶ አነስ ማለት አለበት። ወፍሮ ከተሠራ ይጎትታል፤ ሳስቶ ከተሠራ ስለቱ ቶሎ ይሰበራል። የሚላጨው ሰው ዕድሜ ልኩን ቢስል ይህን ሊያርመው አይችልም፤ ሠሪው ያን ቀን የሠራው ስሕተት እስከ መጨረሻው አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ አይደለም። ብረቱማ ርካሽ ነው። የሚከፍለው ለሰውየው እጅና ጊዜ ነው፤ ገንዘቡም የሞራጆቹ ሙያ ከነአካቴው እንዳይጠፋ ያደርገዋል።

ባገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ባለ እጅ ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው እያልን ስንሰድብ ኖረናል፤ ማረሻውን ግን ከሱ ገዝተን አርሰናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ጨርሶ አላጠፋውም። ሰውየውን ሳንሰድብ የሥራ ዕቃውን «አሮጌ ብረታ ብረት» ብለን መጻፋችንም ከዚያው የመጣ ይመስለናል።

ልጁ ለሙት ዓመቱ ሲመጣ አንድ ትንሽ የቆዳ ማኅደር ይዞ መጣ። በሶሊንገን አንድ ሠሪ ዘንድ ያሠራው ምላጭ ነው። እጀታውን ያሠራው ከአባቱ ቤት ተሰብሮ ከተገኘ የቀንድ ዋንጫ ነው፤ ለካ በዐርባው ጊዜ ስብርባሪውን ይዞ ሄዶ ኖሯል። ያም በዝርዝራችን ውስጥ አልነበረም። በብረቱ ላይ የአባቱ ስም በኛ ፊደል ተቀርጿል፤ ጀርመናዊው ፊደሉን ሳያውቅ ከወረቀት እያየ አንዲት ጭረት ሳያጎድል ጽፎታል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ ያሳደገውን ጢሙን በማግስቱ ጠዋት በግቢው ውስጥ በዚያ ምላጭ ራሱ ላጨ። እኛ መስታወት ያዝንለት። እጃችን ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ዕድሜም ነው።

ከዚያ ቤታችን ገብተን የመዝገቡን ቅጂ አወጣን። ያቺን መስመር በቀይ ሠርዘን «የጠጉር አስተካካይ የሥራ ዕቃ፤ ከነዚህም አንድ የሶሊንገን ምላጭ፤ በጸሐፊው ስሕተት በኪሎ የተሸጠ» ብለን ጻፍንና ፈረምንበት። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል፤ የሰው ስም ደግሞ በሥራ ዕቃው ላይም ይኖራል።

በዚሁ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ አሳብ እናቀርባለን። ከአባሎቻችን አንዱ ሲያርፍና ቤተሰቡ ዕቃ አስዘርዝሩልን ሲል፣ የሟቹ የሙያ ዕቃ፣ የአናጢ መጋዝም ይሁን የሸማኔ መወርወሪያ ወይም የልብስ ሰፊ መቀስ፣ በስሙ ተለይቶ ይመዝገብ፤ ልጆቹ ሁሉ፣ በሩቅ አገር ያሉትም ጭምር፣ ሳይጠየቁ እስከ ዐርባው ድረስ አይሸጥ። ለማስቀመጫ የድንኳኑ መጋዘን አንድ ጥግ ይበቃል። ወጪ የለውም።

ለሞቱት ነፍስ ይማር፤ ለኛም ቸር ይግጠመን።